ጣሊያን ሠራው የተባለው የአያቴ ሱቅ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅጽ ነው። የቤት መረጃ መሙያ ቅጽ። ስም፣ ቀበሌ፣ የቦታ ስፋት እያለ ይወርድና መሀል ላይ «ቤቱ የተሠራበት ዘመን» ይላል። እናቴ ደውላ ምን ብዬ ልሙላ አለችኝ። እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። ሰፈሩ ግን ያውቃል። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሰፈሩ የሚለው አንድ ነው፤ ጣሊያን ነው የሠራው።

እስቲ ቆይ ጠይቄ ልንገርሽ አልኳትና ጎጃሜዎች የምንሰበሰብበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ አራት ፎቶ ለጠፍኩ። ከሥሩ የጻፍኩት ባጭሩ ይህን ነው። ቤቱ ባለ አንድ ደርብ ነው። የታችኛው ግድግዳ ድንጋይ፣ የላይኛው ጭቃና እንጨት። ከፊት የእንጨት በረንዳ አለው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። አያቴ፣ እኛ አባባ እንለው ነበር፣ በበቅሎ የሚዞር ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ኋላ ነው ቁጭ ብሎ ባለሱቅ የሆነው። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ክብሪት፣ ሳሙና ይሸጥ ነበር። ከእሱ አጎቴ ተረከበ፤ ከአጎቴ እናቴ። በጎን በኩል የሚከራዩ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። እነሱ በ1967 ተወርሰው የቀበሌ ሆኑ። ጣሪያው ግን አንድ ነው። የከተማዋን ስም አልጻፍኩም፤ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት አንዷ ናት ብቻ አልኩ። ጥያቄዬም አንድ ነበር። ይህን ቤት እውነት ጣሊያን ነው የሠራው?

ሳልሸሽግ ልናገር፤ የጠየቅሁት አይደለም የሚል መልስ ፈልጌ ነው። አባባ ሠራው እንዲባልልኝ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ 71 መልስ መጣ። ሁሉንም እዚህ አላወርደውም፤ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ነው። የጠቀመኝን፣ ያሳቀኝንና ያናደደኝን ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 በአራት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ስለ ቤቱ ምንም የለውም፤ የአባባን ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እግዜር ይስጠው። ቁጥር 2 ጣሊያን ለመሆኑ ጥርጥር እንደሌለው ጻፈ። ማስረጃው ድንጋዩ ነው። ቁጥር 3 ከእሱ ጋር ተስማማና በራሱ ከተማ የጣሊያን ምሽግ እንዳለ ጨመረ።

ቁጥር 4 የከተማዋን ስም ለምን እንደደበቅሁ ጠየቀ። ከዚያ ያልፈለግሁት ጨዋታ ተጀመረ። አንዱ በረንዳውን አይቶ ደንበጫ መሆኑን ማለ። ሌላዋ ፍኖተ ሰላም ናት አለችና ከተማዋ ድሮ ወጀት ትባል እንደነበር ለማስረዳት ሁለት አንቀጽ ፈጀች። አንድ የቡሬ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ከቡሬ ሌላ የት ሊገኝ ይችላል በሚል መንፈስ ገባ። የደብረ ማርቆሱ ሰው በበኩሉ መንቆረር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ሆና ሳለ ደርብ ቤት ለቡሬና ለደንበጫ መስጠት ታሪክን አለማወቅ እንደሆነ በትሕትና ነካ አደረጋቸው። ትሕትናው ግን ለስሙ ነው። እስከ ቁጥር 11 ድረስ በዚህ ተጓተቱ። የእኔ ከተማ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ትንሽ ከፋኝ።

ቁጥር 12 የመጀመሪያው ቁም ነገር ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እኔን ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። ጣሊያን ጎጃም ውስጥ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 እንደሆነ፣ እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ምሽጉ ውስጥ ተዘግቶ እንዳሳለፈው አስታወሱ። ከከተማ ወጣ ካሉ አገሩ የአርበኞች ነበር፤ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሲገቡና መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የቡሬና የደንበጫ ምሽጎች ቀድመው ተለቅቀዋል። ታዲያ በዚያች አምስት ዓመት ጣሊያን ምሽግ ሠራ፣ መንገድ አወጣ፣ ቢሮ ሠራ። ሥራዬ ብሎ በረንዳ ያለው የቤተሰብ ሱቅ ለማን ይሠራል? ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ተሳስተሃል አላሉኝም። ምክንያት ፈልግ ነው ያሉኝ።

ቁጥር 13 አልወደደላቸውም። መድረኩ የክፍል ውስጥ ትምህርት እንዳልሆነ ነገራቸውና የራሱ አያት በገዛ አፋቸው የነገሩትን ማንም መምህር ሊያስክደው እንደማይችል ጻፈ። መምህሩ ዝም አሉ። ለሁለት ቀን ብቅ ሳይሉ ሲቀሩ እኔ ነበርኩ ያፈርኩት።

ከዚያ ቁጥር 15 መጣና ሁላችንንም ወደ ሌላ ወሰደን። የሞጣ ሰው ነው። የእነሱ ቤት ሲታደስ ከበሩ ደፍ ሥር አንድ ጠገራ ብር ተገኘ። ብሩ ላይ 1780 ይላል። ስለዚህ የእነሱ ቤት ጣሊያን ከመምጣቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ ጎጃምም በድንጋይ መሥራትን ከማንም አልተማረችም። ቁጥር 16 አደነቀ። ቁጥር 17 ለሌሎች አጋራሁት አለ። ቁጥር 18 ግን እሳት ለብሶ ነው የገባው። ሁሉም ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ 1780 እንደሚል ልጅ እንኳ ያውቃል ባይ ነው። መልኳ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ በታተመ ቁጥር ያው ዓመት፣ ያው መልክ ነው የሚታተምበት። የእኛ ነጋዴ የሚያውቀው መልክ ያ ስለሆነ ሌላ ቀን ቢጻፍበት አይቀበለውም ነበር።

የሞጣው ሰው አልተረታም። 1780 የፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1772 ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ጭራሽ ስምንት ዓመት ይጨምራል አለ። ቁጥር 20 ላይ የተመለሰው መልስ ግማሹ ስድብ ስለሆነ ልለፈው። ቀሪው ግማሽ ግን ጥሩ ነገር አለው። ብሩ እስከ እኛ አያቶች ዘመን ድረስ በተለያየ አገር ሲታተም እንደኖረ ያስረዳል። ጣሊያን ራሷ ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ ሮም ላይ አሳትማዋለች። እንግሊዝም ጣሊያንን ለማስወጣት በሚደረገው ዘመቻ ጊዜ ቦምቤይ ላይ አሳትማዋለች። አንድ ሰው ከሥሩ ገብቶ፣ እንግዲያው በሞጣው ቤት ጣሊያን የሠራው ነገር ቢኖር ብሩ ሊሆን ይችላል አለ። ክሩ ላይ፣ ማለትም በዚህ የመልስ ሰንሰለት፣ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ነው የወደድኩት።

ቁጥር 21 ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የገባችው። አያቷ ብሩን ከመቀበላቸው በፊት ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ በጥፍራቸው ይቆጥሩ እንደነበር አወጋች። ዘጠኝ ካልሆነ ይመልሱታል። ቁጥር 22 ደግሞ ብሩ ሚዛንም እንደነበር ጻፈ። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ነው፤ ወቄት የሚባለውም ያው የአንድ ብር ክብደት ነው። ይህን ሳነብ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከባንኮኒው ሥር በነበረች የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ማንም እንዳይነካቸው የሚባሉ አምስት ጠገራዎች ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ሀብት መስለውኝ ነበር። ለካ የሚዛን ድንጋይ ናቸው።

ቁጥር 23 አናጺ ነው። ሠላሳ ዓመት አሮጌ ቤት ሲያፈርስና ሲያድስ የኖረ ሰው። ስለ ጣሊያንም ስለ አባባም ምንም አላለም። የቤቱን ማዕዘን፣ የደረጃውን ሥር፣ የጣሪያውን እንጨትና የበሩን ምስማር አሳየኝ ብቻ ነው ያለው። የእህቴን ልጅ ላክሁት። ልጁ ዘጠኝ ፎቶ አንሥቶ ላከ፤ አንዱ የድመት ነው።

አናጺው ሦስት መልስ ጻፈ። በተከታታይ፣ በማለዳ፣ ሥራ ከመሄዱ በፊት ይመስለኛል። የታችኛው ድንጋይ የተያያዘው በጭቃ ነው። ማዕዘኑ ላይ ካሉት በስተቀር ድንጋዮቹ አልተጠረቡም፤ እንደተገኙ ነው የተደረደሩት። እሱ ያደሳቸው የጣሊያን ቤቶች ኖራና ሲሚንቶ ነበራቸው፣ ድንጋያቸውም ፊቱ የተስተካከለ ነው። የታችኛው በር መዝጊያ የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ምስማሩ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቀጥቃጭ የሠራው። ላይ ያለው ምስማር ግን ክብ ነው፣ የፋብሪካ። የታችኛው ወለል ተሸካሚዎች በመጥረቢያ የተጠረቡ ጥድ ናቸው። የጣሪያው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው።

ዋናውን ያመጣው ግን ሦስተኛው መልሱ ላይ ነው። ደረጃው ሥር የሚታየውን የድንጋይ ጠርዝ ልብ በሉ ይላል። እሱ የመስኮት ደፍ ነው። ማንም ሰው መስኮት ከፍቶ ፊቱ ደረጃ አይተክልም። ስለዚህ ደረጃው ሲመጣ መስኮቱ ቀድሞ ነበረ። ቤቱ በመጀመሪያ ምድር ቤት ብቻ ነው። ደርቡ የተጨመረው ኋላ ነው። የምትጠይቀው ስለ አንድ ቤት ሳይሆን ስለ ሁለት ቤት ነው አለኝ።

እዚያ ደረጃ ሥር ስንት ዓመት ተደብቄ ተጫውቻለሁ። የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ኩራዝ እናስቀምጥበት ነበር። መስኮት መሆኑን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ቁጥር 28 ሁሉንም ነገር አበላሸው። እኔ ታሪክ ፈልጌ ሳይሆን ካሳ ፈልጌ እንደመጣሁ ጻፈ። ቁጥር 29 ጭራሽ ሞኝ ነህ አለኝ፤ ቤት ባረጀ ቁጥር ግምቱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፣ ስለዚህ ማርጀቱን ራሴ በአደባባይ ማወጄ ገርሞታል። መለስኩላቸው። አንዲት ቃል አምልጣኛለች፤ አሁንም ትቆጨኛለች። የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ። 32 እና 33 የሉም፤ ቁጥሩ ይዘላል።

ክሩን ያዳነው ቁጥር 34 ነው። የሕግ ባለሙያ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 በቀላሉ አብራራው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይተውለታል። ትርፍ ቤት ይወረሳል። ከተወረሱት ውስጥ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። የአባባ ሦስት ክፍሎች ለምን የቀበሌ እንደሆኑ፣ ሱቁና ደርቡ ለምን እንደቀሩልን የገባኝ ያኔ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ቤታችን የሚያወራው አጎቴ ካድሬውን ለምኖ አስቀረው የሚለውን ነው። ለካ አጎቴ አልለመነም፤ ወይም የለመነው አዋጁ የሰጠውን ነው።

ከዚያ እስከ 40 ድረስ የውርስ ወሬ ሆነ። አንዱ አባቱ ቁልፉን በገዛ እጃቸው ወስደው ማስረከባቸውን፣ ሲመለሱም ምሳ ሳይበሉ መተኛታቸውን ጻፈ። ሌላው ያኔ መዝጋቢ የነበሩ አባት ልጅ ነው፤ መዝጋቢው ምን ያድርግ የሚል ነገር አለው። ቁጥር 38 ግን ስለት ነበረች። የባለቤት ልጆች ሲያለቅሱ ሃምሳ ዓመት ሰማን፣ ተከራይቶ ያደገውን ማን ጠየቀ ነው ነገሯ። እናቷ በአንዲት ክፍል አምስት ልጅ አሳድገዋል። አዋጁ እስከ 300 ብር የሚከራይ ቤት ኪራይ ሲቀንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወር ሳያልቅ ስኳር ገዙ። አንዳንዶች ተረባረቡባት። እኔ አልተረባረብኩም። አባባም መልአክ አልነበረም፤ ክረምት ላይ ኪራይ ይጨምር እንደነበር እናቴ ራሷ ትናገራለች።

ቁጥር 41 ስለ ጣሪያችን ነው። የቀበሌው በኩል ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ውኃው ወደ እኛ ይወርዳል። እኛ የነሱን እንዳንነካ የእኛ አይደለም፤ እነሱ በጀት የለንም ይላሉ። ጸሐፊው በእሱ አገር ተመሳሳይ ቤት እንዳለ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ ዝገት ሆኖ ከሩቅ ባለ ሁለት ቀለም በግ እንደሚመስል ነገረኝ። መፍትሔ የለውም፤ ብቻ አስቆኛል። የሕግ ባለሙያውም ከሥሩ ገብቶ ቤቱን ቅርስ ለማስባል ከተነሣሁ አስቀድሜ እንዳስብበት መከረኝ። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ሆኖ የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ ማፍረስ ቀርቶ መለወጥም አይቻልም። ቆርቆሮ ልቀይር ስል ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለእኔ ጥሩ እየሄደ ነበር። ታችኛው ጭቃ ነው፣ ጣሊያን አይደለም። ደርቡ የኋላ ነው፣ ጣሊያን አይደለም። አባባ ነው ማለት ነው።

ቁጥር 43 አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። እሱ በሚያድግበት አገር ሱቅ ሂድ ሲባል አረብ ቤት ሂድ ነበር የሚባለው። በእናንተስ? ይኸው ነው። ቁጥር 44 ተቀብሎ ሱቅ የሚለው ቃል ራሱ አረብኛ እንደሆነ ጻፈ። ቁጥር 45 ደግሞ ከጎጃም ከተሞች በብዙዎቹ ቆዳና ቡና የሚገዙ፣ ጨርቅና ጋዝ የሚሸጡ የየመን ነጋዴዎች እንደነበሩ አስታወሰ። ከዚያው አያይዞ ስለ ዳንግላ ገበያና ስለ ሱዳን መንገድ ረዥም ነገር ጻፈ፤ እንግሊዝ በ1918 አካባቢ ዳንግላ ላይ ቆንስል ያስቀመጠችው፣ ቺዝማን የተባለው ሰው ጣናንና ዓባይን ሲለካ የኖረው፣ አገሩ ለንግድም ለፖለቲካም ቁልፍ ስለነበር ነው ባይ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ከእኔ ሱቅ ጋር ግን አይገናኝም።

የተገናኘው አረብ ቤት የሚለው ነው። እናቴ ጋ ደወልኩና እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቅኋት። ዝም አለች። እናቴ በስልክ ዝም አትልም። ከዚያ፣ እሱማ ታቹ የአረቡ ነበር አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር። አባባ ከአረቡ ነው የገዛው። አረቡ ወደ ትልቅ ከተማ ሲሄድ። ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም ስላት፣ መቼ ጠየቅኸኝ አለች።

መድረኩ ላይ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቁጥር 47 የእኔ ነው። ጻፍኩት፤ ታችኛውን የሠራው ጣሊያንም አባባም ሳይሆን አንድ የየመን ነጋዴ ነው፣ ወይም እሱም ከሌላ ገዝቶት ይሆናል። ቁጥር 13፣ ያ መምህሩን የተቆጣው ሰው፣ ደስ ሳይለው አልቀረም። የአያቶች ወሬ እንዲህ ከሆነ የእኔም አያት ወሬ ይመርመር ማለት ነው ብሎ ጻፈ። የፌዝ ይሁን የእውነት አልገባኝም። መምህሩም ያን ቀን ተመለሱ። ስላልተሳደብኩ አመሰገኑኝ። ቁጥር 31 አካባቢ የነበረውን አላዩትም መሰለኝ።

ከዚያ ቁጥር 50 የቤት ውስጥ ነገር አነሣች። የላይኛው ክፍል ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎበታል ወይ? ተለጥፎበታል እንጂ። ጭቃው እንዳይረግፍና ትኋን እንዳይገባ በየጊዜው ሙጫ ተቀብቶ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። እኔ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ አንዳንዱን ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ተገልብጬ ነው ያነበብኩት። የእህቴ ልጅ አንድ ጥግ በእንፋሎት አላቀቀ። ሰባት ንብርብር። የመጨረሻው ሥር ላይ የአዲስ ዘመን ቁራጭ ተገኘ፤ ዓመቱ ግን ተቀድዷል። ቁጥር 52 አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 እንደሆነ፣ ስለዚህ ደርቡ ከጣሊያን በኋላ መሆኑ እንደተረጋገጠ አወጀ። ቁጥር 53 ወዲያው አስቆመው። ጋዜጣው የሚመሰክረው ስለተለጠፈበት ቀን እንጂ ግድግዳው ስለቆመበት ቀን አይደለም። ልክ ነው። አናጺውም ልክ ነው አለ።

የቀረን የዱቤ ደብተሩ ነበር። «ዛሬ በጥሬ ነገ በዱቤ» የሚል ጽሑፍ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ አባባ ሌት ተቀን ዱቤ ይጽፍ ነበር። ሦስት ወፍራም ደብተር አለ። እናቴ እያነበበች፣ እኔ በስልክ እየጻፍኩ፣ የሚሆነውን ገጽ መድረኩ ላይ አወጣሁ። የሰው ስም እየደበቅሁ።

1942 ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ወጪ አለ። 64 ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የአናጺ ቀን ሥራ፣ የጭነት መኪና። መጨረሻው ላይ፣ ለፎቁ ምርቃት አንድ በሬ። ፎቁ በ1942 ነው። ይህ ጠብ የለውም። ደርቡ የአባባ ነው፤ አገኘሁት።

1960 ላይ ደግሞ ለወራት ምንም ዱቤ አልተጻፈም። እኔ አባባ ታሞ መስሎኝ ነበር። ቁጥር 58 አስተካከለኝ። በዚያ ዓመት የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ሸፍቶ ነበር፤ ሰው ገበያ ካልወጣ ባለሱቅ ለማን ያበድራል? መምህሩም ይህን አጸኑት፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የተነሡት በዚያ የተነሣ መሆኑንም ጨመሩ። ባዶ ገጽ እንዲህ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ግን ቀን የለውም። አንዲት መስመር ናት። «ለአረቡ የቀረብኝ 40 ጠገራ።» መስመሯ ተሰርዛለች፤ ከፍሏል ማለት ነው። ቁጥር 61 በጠገራ ስለተጻፈ ከሐምሌ 1937 በፊት ነው፣ ያኔ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቷል አለ። ቁጥር 62 በባላገሩ ዘንድ ጠገራ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ሲቆጠር እንደኖረ፣ ስለዚህ እንዳትቸኩሉ አለ። እኔ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባባ የሁሉን ተበዳሪ ስም ከነአባቱ ጽፏል። የላምባ ባለዕዳ፣ የጨው ባለዕዳ፣ የሦስት ክንድ አቡጀዲ ባለዕዳ። ቤቱን የሸጠለትን ሰው ስም አልጻፈም። አረቡ ነው የሚለው። እናቴን ስሙ ማን ነበር ስላት አረቡ ነዋ አለችኝ።

መድረኩ ላይ የሚያውቅ ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ከ63 እስከ 70 ድረስ የመጡት መልሶች ስለ ድሮ ሳሙና ሽታ፣ ስለ ስኳር በኩባያ መሸጥና ስለ ላምባ ዋጋ ናቸው። አንዷ ብቻ የእነሱን ጎረቤት አረብ ሚስት የጎጃም ሴት እንደነበረችና በበዓል ቀን ጠላ ይላክላቸው እንደነበር ነገረችኝ፤ እሱ ስላልጠጣ እሷ ነበር የምትጠጣው። ደስ የሚል ነው። የእኔ ሰውዬ ግን አይደለም።

ቅጹን እናቴ ራሷ ሞላችው። 1942 ብላ። ታችኛው ከዚያ በፊት ነው፣ እሱንም ጨምሪ ብላት፣ መስመሩ አጭር ነው አለችኝ። መዝጋቢውም ሳያየው ማኅተም አደረገበት።

ቁጥር 71 ትናንት ሌሊት ገባ። አዲስ ሰው ነው፤ ክሩን እንዳላነበበ ያስታውቃል። የመጀመሪያዎቹን አራት ፎቶዎች አይቷል። ድንጋዩን አድንቆ፣ ጣሊያን ቤት መሥራት ያውቅበት እንደነበር ጻፈ።